አባዬ በባጃጅ ያደረሰው እርማት

የኮምፓስ ቀስት ለምን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሚዞር ጠይቃችሁ አታውቁም?

እኔ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ስጠይቅ የመለሰልኝ የሳይንስ አስተማሪዬ ነው... አባዬ። ምድርን በቾክ ክብ አድርጎ ሣለና መሀሏ ላይ አንድ ትልቅ ዘንግ ማግኔት አጋደመባት። አለቀ። እዚሁ አርባ ምንጭ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ እያስተማረ ጡረታ ወጣ።

እኔ ዘንድሮ በፊዚክስ ተመርቄ ሥራ እየጠበቅኩ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቤት ቁጭ ብዬ አባዬን አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሙዝ እየበላን ሳላስበው አመለጠኝ።

«አባዬ፣ ምድር ውስጥ እኮ ማግኔት የለም። በዚያ ሙቀት ማግኔት አይቆይም። ያለው የቀለጠ ብረት ነው። ሙቀቱ ከታች እየገፋው፣ የምድር መሽከርከር እያጠማዘዘው ይገላበጣል። ሲገላበጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ማግኔትነቷ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፀሐይም በጋለው ጋዟ የምታደርገው ይህንኑ ነው።»

የያዘውን ሙዝ አስቀመጠ።

«ያን ሁሉ ልጅ ታዲያ... ውሸት ነው ያስተማርኩት?»

«ኧረ ለማስረዳት ያህል...» ብል ማን ሰምቶኝ! ኮቱን ለብሶ ወጣ። ተከተልኩት።

ሲቀላ ሰፈር ላይ ያስቆምነው ባጃጅ ሹፌር የድሮ ተማሪው ሆኖ ተገኘ፤ የጫኖ መንደር ልጅ ነው።

«ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ!»

አባዬ አልገባም። እንደቆመ፣ «ስማ፣ ምድር ውስጥ ማግኔት አለ ብዬህ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ» አለው።

ልጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና ሳቀ።

«ቲቸር ይሙቱ፣ እሱ ትዝም አይለኝ! እኔ የማልረሳው ሚስማር ላይ ሽቦ ጠቅልለን ከባትሪ ድንጋይ ጋር ያገናኘን ቀን ነው። ሚስማሩ መርፌ ሲያነሳ ጮህን። እርስዎ ደግሞ ‹ጉልበቱ በሽቦው ከሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው› አሉን። ቤት ሄጄ የአባቴን ሬዲዮ ባትሪ በዚያ ጨረስኩት። ተገረፍኩ እኮ!»

እኔ ክው አልኩ።

«አባዬ! የምድርም ነገር እኮ ይኸው ነው! የቀለጠው ብረት ራሱ ሽቦዋ ነው። አስተምረሃቸዋል!»

አባዬ ባጃጇ ውስጥ ገባ፤ ላይኛው ሰፈር ሴቻ እስክንደርስ እጄን አለቀቀም። ስንወርድ ግን...

«ሚስማሩን የረሱትስ? ንገሪያቸው እንጂ።»

ይኸው ነገርኳችሁ። አባዬ ያስተማራችሁ በሙሉ፣ እርማቱ ከደረሳችሁ ከታች «ደርሶኛል» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉልኝ። መነጽሩን አድርጎ ከጎኔ ቁጭ ብሏል... ለመለሰ ሁሉ አምስት ማርክ ይጨምራል።