ወለቴና የጉድጓዱ አፍ ነፋስ

ወለቴ የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት፤ ምሕንድስና የተማረችው ግን እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራንን ትመራለች፤ ሥራ ላይ ግን ድምጿ ከፍ ሲል የሰማ የለም። በከተማው ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ አፋፉ ላይ፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ቦታ፣ ለአንድ ሆቴል ምድር ቤት ሲቆፈር፣ አፈሩ እንዳይናድ የሚይዙትን የብረት ምሰሶዎችና ሳንቃዎች የነደፈችው እሷ ናት።

አንድ ቀን ከሐዋሳ ስትመለስ ምሰሶዎቹ ወደ ላይ ተቀጥለው፣ ረጅም የቆርቆሮ አጥር ተመትቶባቸው አገኘች። የሆቴሉ ሥዕልም ተለጥፎበታል።

"እንዴት ነው?" አሉ ተቋራጩ አቶ ዳምጤ በኩራት። "መንገደኛ አይገባበትም፣ ማስታወቂያም ሆነልን።"

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሣ። አጥሩ ወደ ጉድጓዱ ሲያዘነብል ምሰሶዎቹም አብረው ተወዛወዙ። ወለቴ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከምሰሶዎቹ ጀርባ መሬቱ ስስ ስንጥቅ አውጥቷል።

"አሞጽ፣ ሰዎቹን አሁኑኑ አውጣቸው" አለችው ፎርማኑን።

ዳምጤ ተቆጡ። "ሥራ አስቆምሽ እኮ! ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ምን ነፋስ አለ?"

"ነፋሱ ያለው አጥሩ ላይ ነው፣ ጋሽ ዳምጤ። ምሰሶዎቹን የነደፍኳቸው አፈሩን እንዲችሉ ብቻ ነው። አሁን ነፋሱም አፈሩም ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፏቸው ነው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም!"

ወለቴ ከጉድጓዱ ራቅ ወዳለው ሜዳ ወሰደቻቸውና አንድ ትርፍ ቆርቆሮ አቀበለቻቸው። "እስቲ ነፋሱ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ።"

ዳምጤ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ እየሳቁ ያዙት። ነፋሱ ሲመጣ ግን ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ አሞጽ ባይደግፋቸው በጀርባቸው ይወድቁ ነበር። ቆርቆሮውን አስቀምጠው ዙሪያውን የቆመውን አጥር ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይኼ አንዱ ቆርቆሮ ብቻ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ምን ይሻላል?"

"ይነቀል። አጥሩ ራቅ ብሎ በራሱ እንጨት ላይ ይቁም። በተሰነጠቀው በኩል ደግሞ ተጨማሪ ድጋፍ እናስገባለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይገባ።"

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የነቀሉት ራሳቸው ዳምጤ ናቸው። የሆቴሉ ባለቤት ስለ ሥዕሉ ሲያጉረመርሙም፣ "ሥዕሉን ሌላ ቦታ እሰቅልልዎታለሁ፤ ሰው ግን ከጉድጓድ ቆፍሬ ማውጣት አልፈልግም" ብለው የመለሱላቸው እሳቸው ነበሩ።

በበልግ መግቢያ ዛፍ የገነደሰ አውሎ ነፋስ መጣ። ጠዋት ወለቴና ዳምጤ ሲደርሱ የአዲሱ አጥር አንድ ጎን ተጋድሟል፤ የጉድጓዱ ድጋፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ዳምጤ እጇን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

"ተባረኪ! አንቺ ባትኖሪ ይኼ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።"

"ለአጥሩ የመረጥኩት እንጨት ግን ቀጥኗል" አለች ወለቴ፣ የተሰበረውን እንጨት እያገላበጠች። "ወፈር ያለ ይፈልጋል።" ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ፣ የወደቀውን ቆርቆሮ ከአሞጽ ጋር ማንሣት ጀመረች።