አንዲት «ብ»

ገነቴ ሽብሩን ትጠላዋለች። በግልጽ እንናገረው፤ እንደ እሷ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚዘምሩ ሰዎች ስናወራ ጥላቻቸውን መሸፋፈን ለምዶብናል። ሽብሩ ማለት ሆመቾ ከተማ ላይ «የጎረቤቱን ቤት ሲያቃጥል በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ በሐሰት ምሎ አባቷን ያሳሰረ ሰው ነው። አባቷ አራት ዓመት ታስሮ ሳንባውን ታሞ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ቀበሩት። ያኔ እሷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች።

ዛሬ ሆሳዕና ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት፤ ሀዲይኛውን ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ባለፈው ሰኞ ያ ሽብሩ፣ ሰው በዱላ ደብድቧል ተብሎ፣ በፖሊስ ታጅቦ መጣና አጠገቧ ቆመ። ቂም እንዳላት ለዳኛው አስቀድማ ተናግራ ነበር። «ሌላ አስተርጓሚ የለንም፤ መሐላሽ ይበቃኛል» አሏት። ወንድሟ ዕንባቆም ደግሞ በር ላይ ይዟት፣ «አንድ ቃል ብቻ ዋጪ፤ የአባባን ደም መልሺ» ብሏታል።

ምስክሮቹ እርስ በርስ ስለተጣረሱ ጉዳዩ በተከሳሹ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ዳኛው «ግለሰቡን መትተዋል?» ሲሉት ሽብሩ ጥርስ በሌለው አፉ አጉተመተመ። አጠገቡ ከቆመችው ከገነቴ በቀር ማንም አጥርቶ አልሰማውም። «ብመታው ኖሮ ዛሬ ቆሞ አይከሰኝም ነበር» ነው ያለው።

በአማርኛ ክህደቱን ከእምነት ቃል የምትለየው አንዲት «ብ» ናት። እሷን ውጣ «መታሁት» ብትል ሽብሩ ወህኒ ይወርዳል፤ ማንም አይጠይቃትም። ዕንባቆም ከኋላ ዓይኑን ተክሎባታል።

«አስተርጓሚ፣ ምን አሉ?»

«ብመታው ኖሮ ዛሬ ቆሞ አይከሰኝም ነበር፣ ይላል ተከሳሽ።» «ብ»ዋን ረገጥ አደረገቻት።

ዕንባቆም ወንበሩን ገፍቶ ወጣ።

ሽብሩ ከሰዓት በነጻ ተለቀቀ። በረንዳው ላይ ጠብቆ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ ሸሸች። እያለቀሰ በሀዲይኛ የሆነ ነገር ተናገረ። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ዘበኛ ጓጓ።

«ምን አለሽ?»

«በአባትሽ ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ፤ ይቅር በይኝ አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም» አለች ገነቴ። «እሱ ካለው አልቀንስበትም፤ እኔ ያላልኩትንም አልጨምርለትም።»

ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ወደ ቤት ወጣች። ዕንባቆም ጠዋት ያመጣበትን ባጃጅ አስነስቶ ጥሏት ሄዶ ነበር።