«ዛሬ ምን አያችሁ?»

ዓይኔን ስጨፍን ከእርሻው የሚነሳው ብናኝ ጥጥ በክፍላችን መስኮት እየተንሳፈፈ ሲገባ፣ አስተማሪው አጎቴም ጠመኔውን ይዞ ሲጠብቀን ይታየኛል። ከትምህርት በፊት ሁልጊዜ «ዛሬ ምን አያችሁ?» ይለን ነበር። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ከሚለዋወጡበት ከዳጉ የተማረው ልማድ ነው።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የአፋር ልጅ ነበረች። አማርኛ ስለማትችል ደደብ ትመስለን ነበር፤ ዳይሬክተሩም ሊያስወጣት ወስኖ ነበር። አንድ ጠዋት አጎቴ ዳይሬክተሩ ፊት በአፋርኛ እንድትናገር አደረጋትና ተረጎመልን። ስለ አዋሽ መሙላት ነበር የምታወራው፤ በዓይኗ ያየችውን ከሰው ከሰማችው እየለየች፣ አንዲት ነገር ሳትዘነጋ።

«ወሬ ደግሞ ትምህርት ሆነ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እስቲ አንተ ድገመው» አለው አጎቴ።

ዳይሬክተሩ ጀመረና ግማሽ ላይ ጠፋበት። ሳቀ። ልጅቷን ማስወጣቱንም ተወው።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ከሰዓት በኋላ ለብቻዋ ያስተምራት ጀመር። እኔ ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ አድልዎ ነው! የእህትዎ ልጅ እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ ቤትሽም ክፍልሽም አማርኛ ነው። እሷ እኩል እስክትሆን ነው፤ ከዚያ ደግሞ ትቀድምሻለች» አለኝ እየሳቀ።

ቀደመችኝ።

አጎቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ከአዳይቱ መጣች፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አጠገቤ ተቀምጣ ያንን ጠዋት የአጎቴን ሸሚዝ ቀለም ሳይቀር ተረከችልኝ። ለቀስተኛው ሲሄድ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልነግረው ወደ ወንበሩ ዞርኩ።

«ምን አየሽ?» የሚለኝ የለም።