ሶፋ ሠሪውና የጋራው ውሻ

ሰፈርተኛው «ጋሽ እሺታ» ይለዋል። የወጣለት ስም ነው፤ ያወጡለት ሰዎች ግን ሊሰድቡት ብለው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ ሶፋ ሲያድስ፣ ጨርቅ ሲቀይር፣ ስፖንጅ ሲሞላ ከአፉ የምትወጣው ቃል ያቺው አንዷ ናት። «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» ሲሉት «እሺ» ነው። «እግሩን ትንሽ ዝቅ ብታደርግልኝስ?» ሲሉትም «እሺ» ነው። ሦስት ቀን የለፋበትን ሶፋ «ቀለሙ አልተስማማኝም፣ እንደገና ግፈፈው» ቢሉት እንኳ፣ ፊቱ ትንሽ ጠቆር ይል እንደሆነ ነው እንጂ መልሱ አይለወጥም። አንዲት ደንበኛው እንዳለችው፣ ሰውየው «እንቢ» የምትለዋን ቃል በልጅነቱ የሆነ ቦታ ጥሏት ተመልሶ አልፈለጋትም።

ሚስቱ ነርስ ናት። ፈጣን፣ ቀልድ አዋቂ፣ ስትቆጣም ስትስቅም ጎረቤት የሚሰማት ሴት። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ አንዲት ልጅ ወልደው አሳድገው ዩኒቨርሲቲ አስገቡ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ መጣችና ነጭ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣

«እኔና አንተ እንለያይ» አለችው።

እሱ ጠረጴዛው ላይ የወንበር ትራስ እየሰፋ ነበር። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካው። የሚላት ነገር ሁሉ ጉሮሮው ላይ ተሰለፈ፦ ምን አጠፋሁ፣ እስኪ ተቀመጪ፣ እንነጋገር። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ መሃል ሾልካ የወጣችው ግን መንገዱን የለመደችው ናት።

«እሺ» አለ።

ነርሷ ጥቂት ቆማ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ከየት እንደሚያመጣው አላወቀም። መርፌውን እያየ «ለነገ የማስረክበው ሶፋ አለብኝ» ብሎ ጨመረበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ይኼኔ ነው። እሷ ዞር ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ እሱም መርፌውን መልሶ አነሳ፤ በቃ።

ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዳኛዋ እንደነሱ ያለ ተፋቺ አይታ የምታውቅ አትመስልም። ቤቱ ለሷ ይሁን አለ። የሥራ ቦታው ለሱ ይሁን አለች። ማን አጠፋ ሲባል ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ዳኛዋ ደስ ብሏት መዝገቡን ልትዘጋ ስትል ነርሷ እጇን አወጣች።

«ውሻ አለን» አለች።

ውሻው ኮሚቴ ይባላል። ቡናማ ነው፤ አንደኛው ጆሮው ቆሞ ሌላኛው የተኛ። ቡችላ ሳለ ምግብ ሲቀርብለት የሦስቱንም ዓይን ተራ በተራ ሳያይ አይበላም ነበርና፣ «ይሄ ደግሞ ኮሚቴ ካልተሰበሰበ አይወስንም እንዴ?» ብላ ልጃቸው ናት ስሙን ያወጣችለት። ሃያ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ትዳር በሩብ ሰዓት ያለቀላቸው ሰዎች በዚህ ውሻ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳኛዋን አደከሟት። እሷ «ያለኔ አይተኛም» ትላለች። እሱ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «የለመደው እኔን ነው» ይላል፤ ሲከራከር ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ ዳኛዋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወሰነች፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሱ ጋር፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ከሷ ጋር።

እንዲህ ሆኖ ሶፋ ሠሪው ከሥራ ቦታው ጀርባ ባለችው ክፍል አልጋ ዘረጋ። ርክክቡ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለ አንድ ልብስ ንጽህና መስጫ በር ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ንግግራቸውን ላውንደሪ ውስጥ የምትተኩሰው ሴትዮ በቃሏ ይዛዋለች።

«በልቷል?»

«ትንሽ።»

«ጆሮውን ያሳክከዋል፣ እየው።»

«አየዋለሁ።»

ከዚያ ማሰሪያው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ኮሚቴም አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየ ይሄዳል። ሶፋ ሠሪው ለዚያች ሁለት ደቂቃ ጢሙን ተላጭቶ ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ማበጠሪያም አይነካ።

ከተፋቱ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር የነርሷ ታናሽ ወንድም መጣ። ይኼ ሰው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ሙሽሮችን «አልተያዘልኝም፣ እንደገና ግቡ» እያለ በአንድ በር ሦስት ጊዜ የሚያስገባ። በዚሁ ምክንያት ቤተሰቡ «ዳይሬክተሩ» ይለው ነበር። አሁን እውነተኛ ፊልም ሊሠራ ነው፤ የሚያግዘው ሰውም አግኝቷል። ሥራ ቦታው ገብቶ ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ቁጭ አለ፤ ስፕሪንጉ ሲወጋው ብድግ አለና ቆሞ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ኮሚቴን ለፊልም ፈልጌው ነበር።»

«ምን ዓይነት ፊልም?»

«ኮሜዲ። ቤተሰብ ከነልጁ ተሰብስቦ የሚስቅበት። ባልና ሚስት ይፋታሉ፣ ከዚያ አንድ ውሻ አለ... ለሁለት ይካፈሉታል... ርዕሱ ራሱ ያስቃል፤ ‹ሰኞ ያንተ፣ ሐሙስ የኔ›።»

የሶፋ ሠሪው ስቴፕለር አየር ላይ ቀረ። «ስለኛ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! እናንተማ መች ተጣላችሁ? የኔዎቹ ሰሃን ይወራወራሉ። ካልተጣሉ ማን ይስቃል?»

«እሷስ ምን አለች?»

«እሱን ጠይቀው አለችኝ።»

እሱ ይህን የተረጎመው በገዛ ልኩ ነው፤ ፈቅዳለች ማለት ነው አለ በሆዱ። እሷ ከፈቀደች እሱ ማን ነው? «እሺ» አለ። ዳይሬክተሩ ትከሻውን ሳመው፤ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞሮ ጥግ ላይ የነበረ አንድ ግራጫ ሶፋም ለአንድ ወር ተዋሰ።

ቀረጻው ለፊልሙ በተከራዩት ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንደታየው ኮሚቴ የማንንም ትእዛዝ አይሰማም። ተዋናዩ ሲጠራው ያዛጋል። ተዋናይቷ ብስኩት ስታሳየው ብስኩቱን በልቶ ሶፋው ሥር ይገባል። ስለዚህ ሶፋ ሠሪው ሥራውን ዘግቶ በየቀኑ እንዲመጣ ተለመነ፤ የታወቀውን መለሰ። ሥራውም መደበቅ ሆነ። ውሻው መሄድ ያለበት ወደ መጋረጃው ከሆነ እሱ መጋረጃው ኋላ፣ ወደ አልጋው ከሆነ አልጋው ሥር። በሃምሳ አራት ዓመቱ ሆዱን መሬት ላይ አድርጎ «ና፣ ና የኔ ልጅ» እያለ ሲያንሾካሹክ ዋለ።

ትልቁ ትዕይንት ውሻው የሚመርጥበት ነው። ባል በአንድ በኩል፣ ሚስት በሌላ በኩል ሆነው ይጠሩታል፤ እሱ ወደ ሚስት ይሮጣል። ሶፋ ሠሪው እንግዲህ ተዋናይቷ ከተቀመጠችበት ከገዛ ራሱ ግራጫ ሶፋ ኋላ ተንበረከከ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ክንዷ ብቻ ነው፤ ሶፋው መደገፊያ ላይ አሳርፋዋለች። የለበሰችው ቡናማ ሹራብ ነው። የእጅጌው ቁልፍ በወፍራም፣ በሰም በተነከረ የሶፋ ክር የተሰፋ ነበር።

ያንን ቁልፍ የሰፋው እሱ ነው። አንድ ክረምት ነርሷ ለሥራ ስትጣደፍ ተበጥሶባት፣ እጇን ከሹራቡ ሳታወጣ፣ «እንዳትወጋኝ!» እያለች ስትስቅ፣ በእጁ ባገኘው ክር ነበር የሰፋላት። ዳይሬክተሩ ከእህቱ ቁም ሣጥን ልብስ መዋሱን ማን ነገረው?

«ጋሼ፣ ጥራው እንጂ!» ይላል ዳይሬክተሩ። «ጋሼ! ካሜራው እየሠራ ነው!» ሶፋ ሠሪው አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ኮሚቴ ሳይጠራ መጣ። በተዋናይቷ ላይ ዘሎ፣ ሶፋውን ተሻግሮ፣ የተደበቀውን ሰውዬ ፊት ላሰ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አሥራ አንድ ጊዜ ደገሙት።

በዚያው ቀን በዕረፍት ላይ ባል የሆነው ተዋናይ አጠገቡ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሥራውን የሚወድ።

«ጋሼ፣ አይክፋዎትና፣ ባለቤትዎ እንለያይ ሲሉ ምን ብለው መለሱ?»

«ወጥ ቤት ትራስ እየሰፋሁ ነበር፤ እሺ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ለነገ የማስረክበው ሶፋ አለብኝ አልኳት።»

ተዋናዩ የያዘውን ውሃ ትን እስኪለው ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱን አይቶ «ይቅርታ» አለ። ሶፋ ሠሪው «ኧረ ግድ የለም» አለው። ሳቁ ነገሩ ላይ መሆኑ ገብቶታል። ያልገባው፣ ልጁ ከዚያ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ መሄዱን ነው።

ፊልሙ በአንድ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ሲመረቅ ልጃቸው ሁለቱንም ይዛ ሄደች፤ መሃላቸው ተቀመጠች። አዳራሹ ሕፃናት በተሸከሙ ወላጆች ጢም ብሏል። ኮሚቴ ሸራው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ልጆቹ ይጮሃሉ። ሰሃኑም ተወረወረ፣ ዳኛውም ከወንበሩ ወደቀ። ከዚያ ወጥ ቤት መጣ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሰውየው ትራስ ይሰፋል።

«እንለያይ።»

«እሺ።» ዝምታ። «ለነገ የማስረክበው ሶፋ አለብኝ።»

አዳራሹ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው ሳቁ ሳል ሆኖበት ወደፊት ሲደፋ የሶፋ ሠሪውን ትከሻ ተደገፈና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ገደለኝ እኮ ይሄ ሰውዬ!» አለው። ልጁ ክንዱን ጨበጠችው። ዞር ብሎ ነርሷን ለማየት አልደፈረም። ሳቋን ግን ከሺህ ሳቅ ለይቶ ያውቀዋል፤ አዳመጠ፣ አዳመጠ፤ እዚያ ውስጥ የለም።

በመጨረሻ የፊልሙ ባል በአንድ እግር ጫማ ዝናብ ውስጥ ሮጦ አውቶቡስ ያስቆማል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማው አምስት ደቂቃ ሙሉ የልቡን ይናገራል። ሚስት ታለቅሳለች፣ ውሻው ይጮሃል፣ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። ሶፋ ሠሪውም አጨበጨበ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ምን ያድርግ?

ውጭ፣ ልጃቸው ከአጎቷ ጋር ፎቶ ስትነሳ፣ ሁለቱ ለብቻቸው ደረጃው ላይ ቀሩ።

«እሱን ጠይቀው ያልኩት እኮ» አለች ነርሷ፣ «እንቢ ትለዋለህ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ የፈቀድሽ መስሎኝ።»

«ሰውየው መጨረሻ ላይ ተናገረ፣ አየህ?»

«እሱማ የተጻፈለት ነው» አላት።

ነርሷ ትንሽ ፈገግ አለች። ከፍቷት ይሁን አስቋት ለይቶ ማወቅ አልቻለም። እሱም የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ይፈልግ ነበር፤ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ልጃቸው «አባዬ፣ እማዬ፣ ኑ ፎቶ!» ብላ ተጣራች። ሄዱ፤ ዳይሬክተሩን መሃል አድርገው ተነሱ።

ፊልሙ ሦስት ወር ታየ። ኮሚቴም በየመንገዱ «ያ ውሻ!» እየተባለ ብስኩት በብስኩት ሆኖ ወፈረ። በአራተኛው ወር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ላውንደሪው በር ላይ ሶፋ ሠሪው ማሰሪያውን ሲዘረጋላት ነርሷ አልተቀበለችውም።

«ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው። «የተከራየሁት ፎቅ ላይ ደግሞ ውሻ አይፈቅዱም። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ያንተ ይሁን።»

ፍርድ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ የተከራከረለትን ውሻ እነሆ ሙሉውን አገኘ። ከዚህ በኋላ ሰኞ ሰኞ የሚመጣ ሰው የለም፤ ሐሙስ ሐሙስም የሚጠብቅ የለም። ግማሹን ውሰጂ፣ ኧረ ሩቡን ቢሆንም ውሰጂ ሊላት ፈለገ። ያላት ግን ይህን ነው፦

«ክትባቱ መቼ ነው?»

«በሚቀጥለው ወር።» ከቦርሳዋ የክትባት ካርዱን አውጥታ ሰጠችው። ጎንበስ ብላ የኮሚቴን የተኛ ጆሮ ከፍ አድርጋ አየች፤ ድኗል። ከዚያ ቀና ብላ ሳትዞር ሄደች። የላውንደሪዋ ሴትዮ ካውያዋን አስቀምጣ በመስታወቱ ታይ ነበርና፣ ሰውየው ያን ቀን ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ከበሩ እንዳልተንቀሳቀሰ ለደንበኞቿ ተናግራለች። ገብቶ እንዲቀመጥም ጠይቃው ነበር፤ «ደህና ነኝ» ብሏታል።

አሁን ልጁ በስልኩ ፎቶ መላክ አስተምራዋለች። በቀደም ዕለት ኮሚቴ ገና ተሠርቶ ያለቀ አረንጓዴ ሶፋ ላይ ወጥቶ ተንጋሎ ሲተኛ አነሳውና ለነርሷ ሊልከው ተነሳ። ከፎቶው ሥር የሚጽፈውን ግማሽ ሰዓት ፈለገ። «ሰላም ነሽ» ብሎ ጻፈና አጠፋው። «ቤቱ» ብሎ ጀመረና እሱንም አጠፋው። ፎቶውን ብቻ ላከ።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። «ሶፋው የማን ነው?»

«የደንበኛ» ብሎ መለሰ።

«ቀለሙ ደስ ይላል።»

ሶፋ ሠሪው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቀለሙ ደስ ይላል ለሚል ሰው ምን ይባላል? ብዙ ነገር ይባል ይሆናል። አውራ ጣቱ ከፊደሎቹ በላይ እንደተንጠለጠለ ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰማ። ኮሚቴን ከሶፋው አውርዶ ጨርቁ ላይ የቀረውን የውሻ ፀጉር በብሩሽ መጥረግ ጀመረ፤ ባለ ሶፋዋ በሩን ስታንኳኳ መልሱ ገና አልተላከም ነበር።