ባለቤት፣ ቦታ፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ

ሱዳን ባለው የቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ዘንዶ የገደለ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። አንድ ብቻም አይደለም፤ ሰባት ገድያለሁ። መሣሪያዬ አንዲት የሉዶ ዛህራ፣ ማለትም ባለ ስድስት ገጽ የቁጥር መጣያ ጠጠር፣ አንድ ደብተርና በምላጭ የተቀረጸ እርሳስ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አለ። ይሳቅ፤ እኔ ሳልኮራ ተናግሬው አላውቅም።

ጨዋታውን ያገኘሁት በካምፑ ትምህርት ቤት አብሮኝ ያስተምር ከነበረ የሒሳብ መምህር ነው። እኔ የአማርኛዋ መምህርት ነኝ። እሱ መንገድ ሊወጣ ሲል አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ሄደ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተዘጋጀ የተረት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይፈጥራል፤ ጉልበቱንና ብልሃቱን በቁጥር ይመድብለታል። ከዚያ ዛህራ ይጥልና የወጣለትን ተልእኮ ከሰንጠረዥ ያነባል። የተቀረውን ራሱ ይተርካል፤ ሲጠራጠር ዛህራዋን ይጠይቃል። ጓደኛም ባላጋራም አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ሰንጠረዡን እንዳለ ተረጎምኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንደሚሉት ሆነብኝ። ዛህራ ስጥል የሚወጣልኝ «አድን፣ ነጋዴ፣ ከግንብ» ነበር። ተማሪ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ በቀይ አሰምርበታለሁ። ተናድጄ ሁለት ቀን ደብተሩን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን የራሽን ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነገሩ ገባኝ። እንግሊዝኛው ከግስ ይጀምራል፤ የእኛ ግን በግስ ይጨርሳል። ቤቴ እንደገባሁ ዓምዶቹን ገልብጬ እንደ ሰዋስው ትምህርቴ ሰየምኳቸው፦ ባለቤት፣ ቦታ፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ። በየዓምዱ ስድስት ስድስት መስመር ሞላሁ። ግንቡን አውጥቼ ሐፊር አስገባሁ፤ እዚህ ለከብት የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነው። ጫካውን የሰሊጥ ማሳ አደረግኩት። ድንበሩን ተሻግረን መንደር 8 ላይ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርንበትን ጣሪያ የሌለው ቤት እንኳ የጠንቋይ አዳራሽ ብዬ መዘገብኩት። ማሰሪያዎቹን እንደ መማሪያ መጽሐፉ ሁሉንም በወንድ ጻፍኳቸው፦ ይፈልጋል፣ ያድናል፣ ይመልሳል፣ ይጠብቃል፣ ይገድላል፣ ይቀብራል።

ያኔ ነው ጨዋታው ነፍስ የዘራው። እንግሊዝኛውን የሚጫወት ሰው ምን እንደሚያደርግ ከመጀመሪያው ያውቀዋል። እኔ ግን «ሰሊጥ አጫጁ፣ በሐፊሩ ዳር፣ ዘንዶውን…» ብዬ ትንፋሼን ውጬ እቆማለሁ። አንድ ቀን የመጨረሻዋ ዛህራ «ያድናል» ብላኝ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ የቆሰለ ዘንዶ ሳስታምም ከረምኩ። ካምፕ ውስጥ ግስ የሚሰጠን ሌላ ሰው ነው፦ ተመዝገቡ፣ ተሰለፉ፣ ጠብቁ። በደብተሬ ውስጥ ግን መንገደኞቼ ይሄዳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይደርሳሉ። ይህን በእጄ በመሥራቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ችግሩ ጮክ ብዬ መጫወቴ ነው። ከጎረቤቴ የሚለየኝ ሰሌን ብቻ ነው። እሳቸው በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ባሱንዳ ወርደው ከቀሩ ሁለት አዝመራ አልፏል፤ ስልካቸውም አይጠራም። በቅርቡ ከዚያ የመጣ ሰው በሕይወት አይቻቸዋለሁ ብሎ ነግሯቸዋል። እንዳይሄዱ የሚያገኙትን ፈርተዋል፤ እንዳይቀመጡ ጥበቃው ራሱ ጨርሷቸዋል። ለካ እኔ በሰሌኑ ማዶ «ባለቤት… ሰሊጥ ማሳ…» እያልኩ ስጥል እሳቸው የሚሰሙት ስለ ባላቸው ነው።

አንድ ቀን በቀትር በሳህን ስኳር ይዘው መጡ። የባላቸውን ነገር እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ኮከብ ቆጣሪ እንዳልሆንኩ፣ ጨዋታ እንደሆነ፣ ባለቤት ማለትም የዐረፍተ ነገር ባለቤት እንደሆነ አስረዳኋቸው። እሳቸው ግን አዋቂ ሁሉ መጀመሪያ አላውቅም እንደሚል ያውቃሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰንጠረዤን እንዲህ ያከበረልኝ ሰው አግኝቼ ስለማላውቅ ልቤ አበጠ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። እስቲ ልጣልልዎ አልኳቸው።

ባለቤት፦ የጠፋ መንገደኛ። ቦታ፦ የሰሊጥ ማሳ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ተሳቢ፦ ቀለበት። አራተኛዋን ስጥል ዓይናቸውን አየሁት፤ የሚወጣውን ማንኛውንም ቃል ሊታዘዙ ተዘጋጅተዋል። ስድስተኛው መስመር ላይ «ይቀብራል» የሚል እንዳለ ትዝ አለኝ። ዛህራዋ ገና ሳትቆም የቆርቆሮ ጣሳ ደፋሁባት።

«የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት እሳቸው አይደሉም፤ አንቱ ነዎት» አልኳቸው። «ማሰሪያውንም የሚያስሩት አንቱ ነዎት።»

ተቆጡ። ከሌላው ሁሉ ጋር የምታወራ ዛህራ እኔን ብቻ ዘጋችኝ ብለው ስኳራቸውን ይዘው ወጡ። ጣሳውን ያነሣሁት ከሄዱ በኋላ ነው። አራት ነበር፤ ይጠብቃል።

በሳምንቱ የመውጫ ፈቃዳቸውን፣ እዚህ ተስሪህ የምንለውን ወረቀት አውጥተው ከአጫጆች ጋር በሎሪ ወደ ባሱንዳ ሄዱ። ዘጠኝ ቀን ዛህራ አልጣልኩም። ፈርቼ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ፣ ጣሳውን አንሥቼላቸው ቢሆን ቤታቸው ይቀመጡ አልነበር ወይ እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ዐረፍተ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ እቆም ነበር፤ ተማሪዎቼም ታዝበውኛል።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራ እስከ ሽፋሽፍታቸው ለብሰው መጡና ደጄ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ስጪኝ አሉ። በዚያችው ጣሳ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ነገሩኝ። ባላቸውን አግኝተዋቸዋል። ሰውዬው እዚያ ቤት ሠርተዋል፤ ሚስት አላቸው፤ መሄድ የጀመረ ልጅም አላቸው። አላፈሩም፤ ምንጣፍ አንጥፈው አስተናግደዋቸዋል።

«አዝመራው እስኪያልቅ ጠብቂኝ፣ መጥቼ እንነጋገራለን አለኝ» አሉ። «ሁለት አዝመራ ጠበቅሁህ፣ ወላሂ አንድ ቀን አልጨምርም አልኩት። ኸላስ፣ ተውኩት።»

አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ከሐዘን ይልቅ በኩራት። እንዲህ ያለ ማሰሪያ በሰንጠረዤ አልነበረም። ስድስት መስመር ስሞላ አንድም መንገደኛ ተልእኮውን ይተዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ትንሽ ቆይተው ያን ቀን ዛህራሽ ምን ብላ ነበር ብለው ጠየቁኝ። አላየሁትም አልኳቸው። ተማሪ ሲዋሸኝ ጆሮ የምቆነጥጥ ሴት፣ በዚህ ውሸቴ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

ደብተሩን አወጣሁ። በማሰሪያው ዓምድ አራተኛው መስመር ላይ «ይጠብቃል» የሚለውን በራሰ ጣቴ እያሸሁ አጠፋሁት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ ነው የቀረው። በላዩ ሌላ ጻፍኩ። ምን ብለሽ ጻፍሽ አሉኝ። አነበብኩላቸው፦ «ይተዋል»።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱማ ትቶኛል፣ ልጄ» አሉ። «በሴት አድርጊው።»