ሠላሳ አንድ ተይዟል

ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ወንበር መያዝ ያውቃል። ኬክ ቤት ገብቶ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጣል ካደረገ አለቀ፤ የመጣው ሁሉ "ተይዟል" ብሎ ያልፋል። እኔ ግን አንዲት ቁጥር ስላልተያዘች እንጀራዬን ላጣ ነበር።

ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቼ ከቆየሁ በኋላ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ለክሊኒኮች ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ በሙከራ ቀጠረኝ። ሙከራው አርብ ያልቃል። ልጄን የማሳድገው ብቻዬን ነው፣ አርብን እንደ ፍርድ ቀን ነበር የምጠብቃት። ቢሮው ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉት፤ አንዱ ሲወድቅ ሥራው ወደ ሌላው ይሻገራል። የታካሚ ቀጠሮ የሚይዘው የእኔ ፕሮግራም በአንዱ፣ የመድኃኒት ክምችት የሚቆጣጠረው የአለቃዬ ፕሮግራም በሌላው ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የእኔው ማሽን ተቃጠለ። ፕሮግራሜ ወደ አለቃዬ ማሽን ተሻገረ፤ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። በቀጠሮው ሰሌዳ ላይ የታካሚ ስም መሆን ሲገባው አሞክሳሲሊን ለሦስት ሰዓት፣ የሳል ሽሮፕ ለአራት ሰዓት ተቀጥረው ተገኙ። ክሊኒኮቹ ስልኩን አጨናነቁት። አለቃዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "አንቺ እስክትመጪ ደህና ነበርን" አለኝ። ደሜ ፈላ። የአራዳ ልጅ ምላስ ደግሞ አይታመንም፤ ልጄን አስቤ ዋጥኩት።

ሁለቱንም ፕሮግራሞች ከፍቼ ሳያቸው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ክፍሎቹ መረጃ የሚቀባበሉበት የጋራ ማስታወሻ ቦታ በማሽኑ ውስጥ ይከፍታል፤ ቦታው የሚጠራው በቁጥር ነው። የእኔ ቁጥር ሠላሳ አንድ። የእሱም ሠላሳ አንድ። በየማሽናችን ሳለን ማንም ማንንም አልነካም፤ አንድ ላይ ስንገናኝ ግን እሱ የጻፈውን እኔ አነበብኩት።

"ጋሼ፣ የተማሩት አራት ኪሎ ነው?" አልኩት።

"ነው፤ ምነው?"

"ሠላሳ አንድ" አልኩ። ፊቱ ተለዋወጠ።

ዘመናችን ይለያይ እንጂ ያስተማሩን አንድ መምህር ናቸው። ሰሌዳ ላይ ምሳሌ ሲጽፉ ቁጥሩ ሁልጊዜ ሠላሳ አንድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል የሚያመጣቸው አውቶቡስ ቁጥር። እኛ ደግሞ የመምህር ነገር ሆኖብን እንዳለ ገለበጥነው። አለቃዬ ገብቶታል፤ ለቢሮው ባለቤት የሚናገር ግን አልመሰለኝም። "አርብ እናያለን" ብቻ አለ።

በምሳ ሰዓት ለመምህሩ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው ሥላሴ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ላስቃቸው ብዬ ጀምሬ መሃል ላይ አርብ ምን እንደሚጠብቀኝ፣ ቢሮው የት እንደሆነ ሳይቀር እያለቀስኩ ዘረገፍኩላቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ስልኩን ዘጉት። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

አርብ ተሰብስበን ባለቤቱ ስለ እኔ መናገር ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥላቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ከሁሉ ቀድሞ ብድግ ያለው አለቃዬ ነው።

"ይህችን ሠላሳ አንድ ያስተማርኩ እኔ ነኝ" አሉ፣ ሳይቀመጡ። "እሷን የምታሰናብቱ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ውቀሱ፤ ቀጥሎ ይሄን ተማሪዬን።"

አለቃዬ አንገቱን ደፍቶ "እውነታቸውን ነው፤ ቁጥሩ የኔም ነው" አለ። በአሠሪ ፊት እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም፤ እሱንም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ማርከር ተቀብለው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቁጥር ደለደሉ፤ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ የተያዘ። "ማሽን ይወድቃል፤ የት እንደምትሰደዱ አታውቁም" አሉን። "የሄዳችሁበት ሁሉ ቦታችሁ ይቆያችሁ።" የእኔ አርባ ሆነ።

"ሠላሳ አንድስ ለማን ይሁን?" አለ ባለቤቱ።

"ለማንም አትስጡት። እኔን ብዙ ዘመን ተሸክሞኛል፤ ይረፍ።"

የቋሚነት ደብዳቤዬን የዚያኑ ቀን ተቀበልኩ። ደረጃው ላይ ይዣቸው ስወርድ እጃቸውን ሳምኩ። "ተይ፣ ተይ" አሉኝ፣ እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅሮ።

አሁን ለአዲስ ፕሮግራም ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ። አዲስ የመጣ ሁሉ ሠላሳ አንድ ባዶ መሆኑን አይቶ ይጠይቀኛል፤ ተይዟል እለዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፒያሳ ቀድሜ እደርስና ጃኬቴን ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ አደርጋለሁ። መምህሬ እግራቸው ደክሟል፣ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፤ እስኪመጡ ማንንም አላስቀምጥም።