ዳለቻን ያከሳሁበት በጋ

ጾም በገባ ቁጥር ለነፍስ አባቴ ኃጢአቴን እናዘዛለሁ፤ ሐሜቱንም፣ ቁጣውንም፣ የሻርኩትን ጾምም አልደብቅም። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለባሌም፣ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። የፈራሁት ንስሐውን አይደለም። «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብለው ፈገግ ይሉና በቀላሉ ይፈቱኛል ብዬ ነው የፈራሁት። እናንተ ግን ሳትቸኩሉ ስሙኝ።

ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ ወደ ነገሌ ቦረና ሲዛወር ገና ሙሽራ ነበርኩ። አጥር የምንጋራው ከአደ ዳርሚ ጋር ነው። «አደ» እዚያ እንደኛ «እትዬ» ማለት ነው። አደ ዳርሚ ወተት እየሸጡ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ ልጃቸው አሬሮ የሚባል ሩቅ አገር ተድራለች። ቤታቸው የቀሩት ላሞቻቸው፣ ጥጆቻቸውና ዳለቻ የሚባል ግራጫ ውሻ ናቸው። ከገበያ የተረፈ ወተት ሁሉ የዳለቻ ነበር። ክርስቲያኑ ጾም ሲይዝ ደግሞ ከእስላሙ ሥጋ ቤት አጥንት አያጣም። እንዲህ እያለ ሆዱ መሬት ሊነካ ደረሰ። ዱሮ የጅብ ድምፅ ሲሰማ አጥር ዘሎ የሚወጣው ውሻ ጥጆቹ በር ላይ ተጋድሞ ማለክለክ ብቻ ሆነ ሥራው። አደ ዳርሚን ያሳሰባቸውም ይኸው ነበር፤ ጥጆቹን ከጅብ የሚጠብቅላቸው ሌላ ማንም የለም።

ልጃቸው ልትወልድ ተቃርባ ወደ አሬሮ መሄድ ግድ ሲሆንባቸው ከብቶቹን እስኪመለሱ ለወንድማቸው አደራ ሰጡ። ዳለቻን ምን እንደሚያደርጉት ሲጨነቁ እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት። «እኔ አከሳልዎታለሁ፤ ሲመለሱ ጅብ የሚያባርር ውሻ ይረከቡኛል» አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ገመዱን ተቀበልኩ።

የከብት ሐኪሙን መንገድ ላይ አግኝቼ አማከርኩት። «ምግቡን ቀስ በቀስ ይቀንሱለት፤ ጠዋትና ማታ ያንሸራሽሩት። ውሃ ግን ከፊቱ አይጥፋ» አለኝ።

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ግን የጸሐፊው ሚስት፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውሻ ላንሸራሽር? ሰው ምን ይለኛል? ይሉኝታዬ አሸነፈኝና ከግቢ ሳልወጣ የማከሳበት መላ ፈለግሁ። እዚያ አገር በጋ ሲጠና የጉድጓዱ ውሃ ስለማይበቃ ከብቱ የሚጠጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው። እንዲያም ሆኖ ከግጦሹ እስከ ጉድጓዱ ያን ሁሉ መንገድ ችሎ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ከብት የቻለውን ውሻ እንዴት ያቅተዋል? አልኩ። ቦረናዎቹ ቸግሯቸው የሚያደርጉትን እኔ ብልሃት አደረግሁት። ዳለቻን ምሰሶ ላይ አሰርኩት፤ ቁራሽ ቂጣ እየጣልኩ በሦስት ቀን አንዴ ብቻ አጠጣሁት።

ከሳ። ሳይውል ሳያድር ከሳ። እኔም ደስ አለኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ደስ አለኝ። ጎረቤት ጠርቼ የወጣ ጎድኑን አሳየሁ። መጮኽ ሲተው «ጨዋ ሆነ» አልኩ።

አንድ ጠዋት ደጅ ካስቀመጥኩት እንስራ ውሃ ልቀዳ ብወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ዳለቻ በሆዱ ተዘርግቶ፣ አንገቱ በገመዱ ታንቆ፣ አፍንጫው ወደ እንስራዬ ዞሮ ሞቷል። እንስራው ከሥሩ በሚያረጥበው አፈር በኩል መሬቱን በፊት እግሮቹ ቧጥጦታል። ምላሱ ላይ አቧራ ነበር። እርጥቡ አፈር ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። እኔ ከዚያ እንስራ በየቀኑ እየቀዳሁ ጠጥቻለሁ፤ እያየኝ። ያሰርኩት እኔ፣ የከለከልኩት እኔ፣ የጠጣሁትም እኔ። እንዴት አላየሁትም? ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ፤ የምደነግጠው ግን በእሱ ሞት አይደለም፣ በራሴ ነው።

ሰው ሳያየኝ ጎትቼ ገደል ጣልኩት። ገመዱን በቢላ ቆረጥኩት።

አደ ዳርሚ ተመልሰው ሲመጡ ገና ከአጥሩ ማዶ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላም አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው ምሰሶው ላይ ዐረፈ።

«ገመዱን በጥሶ ጠፋ» አልኳቸው። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ «እርስዎን ፍለጋ ነው መሰለኝ፣ በአሬሮ መንገድ ነው የሄደው» ብዬ ጨመርኩ። ለምን ጨመርኩ? እሳቸውን ላጽናና አልነበረም። ውሸቴ እንዲያምር ነው።

አፋቸውን በእጃቸው ያዙና አለቀሱ። ከረጅም መንገድ መግባታቸው ነበር፤ ሳያርፉ በዚያው በመጡበት መንገድ ስሙን እየጠሩ ተመለሱ። እኔ ቤቴ ገብቼ ድምፃቸው እስኪርቅ ሰማሁ። ያኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። በዚያው በጋ ጅብ አጥሩን ሰብሮ አንዷን ጥጃ በላ። እሳቸው ግን ዳለቻን አንድ ቀን አልወቀሱትም፤ «እኔን ብሎ ነው የሄደው» ይሉ ነበር። ውሃ በአህያ እየተጫነ በሚመጣበት በዚያ ድርቅ፣ በየማታው በራቸው ላይ በጣሳ ውሃ ያስቀምጡለት ጀመር።

እንደገና ወደ ልጃቸው ሲሄዱ ጣሳውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንቺ ዳለቻን ትወጂዋለሽ። እኔ ስሄድ ውሃ አንቺ ሙዪለት። መንገድ ላይ ነው እሱ፤ ጠምቶት ይመጣል» አሉኝ።

አደ ዳርሚ እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ። ልጅ ነበርኩ፣ አገሩን አላውቅም ነበር አልልም፤ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ዳለቻም በየቀኑ ዓይን ዓይኔን እያየ ነግሮኛል። ፍቱኝም አልላችሁም። ያን ማታ ጣሳውን ተቀብዬ፣ ከዚያው እንስራ ቀድቼ፣ እስከ አፉ ሞላሁለት።